ለዘመናይ የተገዛው ካባ

ጌቱ ምስጢር መያዝ አይችልም። ይህን እዚህ አሜሪካ፣ ሪችፊልድ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ስጦታ ገዝቶ ገና ከሱቁ ሳይወጣ ስልክ ደውሎ «ምን እንደገዛሁልሽ እንዳትጠይቂኝ!» የሚል ሰው ነው፤ ሳትጠይቀው ይነግራታል። ስለዚህ ያን ሰሞን የሚነዳውን ስኩል ባስ አቁሞ ሲመለስ ዝም ብሎ እያፏጨ ቤት ውስጥ ሽር ጉድ ሲል፣ ሚስቱ ዘመናይ «ይኼ ሰውዬ ታሟል» ብላ ፈራች። የደም ግፊቱን ለካችለት። ደህና ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ፈነዳ።

«ካባ ልትለብሺ ነው!»

«የምን ካባ?»

«የምን ካባ ትላለች እንዴ! የሐበሻ ማኅበራችን በዓሉን ሲያከብር የክብር ካባ ከሚለብሱት አንዷ አንቺ ነሽ። ሊቀ መንበሩ አክሊል ራሱ ነው የነገረኝ። ጥቁር ከፋይ፣ ዳር ዳሩ በወርቅ ክር የተጠለፈ። አገር ቤት ተሰፍቶ ነው የመጣው።»

ዘመናይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔ? ምን አድርጌ?»

«ምን ያላደረግሽው አለ?» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጌቱ እንዲህ ነው፤ ትልቅ ሰውዬ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለ፣ እንባው ግን ቅርብ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዘመናይ ካባ ቢያንሳት እንጂ አይበዛባትም። እዚያው ሪችፊልድ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ስሟን መጥራት አቅቷቸው «ዚ» የሚሏትን ነጫጭ አሮጊቶች ታጥባለች፣ ታበላለች፣ በአማርኛ መዝሙር ታስተኛለች። ከሺፍት ስትወጣ ደግሞ የኛ ሰው ይጠብቃታል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ የወለደች ሴት የዘመናይን ገንፎ ሳትበላ ከአራስ ቤት ተነሣች ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ፣ እስላሙ ሳይል ሁሉም በሯን ያንኳኳል። እሷም እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። አንድ ቀን ግን ሰው ጠርቶ «ተባረኪ» ከማለት ያለፈ ነገር አድርጎላት አያውቅም፤ ሰው ስንባል እንዲሁ ነን።

ጌቱን ያንገበገበው ግን ይኼ ብቻ አልነበረም። የተጋቡት ናይሮቢ ነው፣ በስደት። ቀሚሱ የውሰት፣ ጫማው የውሰት፤ ካባ ግን የሚያውሳቸው እንኳ አልተገኘም። ሙሽራ ያለ ካባ! ዘመናይ ስቃ አለፈችው። ጌቱ ግን በሠርጉ ማግስት እጇን ይዞ «አንድ ቀን ካባ አለብስሻለሁ» ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ገቡ፣ ኢያኤልን ወለዱ፣ ኢያኤልም አድጋ ተመርቃ ፍሪድሊ ሥራ ያዘች። ካባው ግን እንደተቀጠረ ቀረ።

እንግዲህ ዘመናይ ያላወቀችው ምን መሰላችሁ፤ ካባው ተመርጠው ሳይሆን ከፍለው የሚለብሱት ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አክሊል ቤት አሻሻጭ ነው። ቤት ሲያሻሽጥ ኖሮ ኖሮ ምንም ነገር ሲያይ ዋጋ ይታየዋል። ለበዓሉ የመጡትን ካባዎች ስፖንሰር ለሚሆን ሰው እንደሚያለብስ ለሚያምናቸው ሰዎች በጆሯቸው ሹክ አለ። ጌቱም ያቺን የምታስነጥስ ቫኑን ሊቀይርባት ያስቀመጠውን አንሥቶ ሰጠ። ጉቦ ነው ብሎ አላሰበም። የሚስቱን ሠርግ የከፈለ ነው የመሰለው። አይ ጌቱ!

ዘመናይስ? ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል። ጌቱ ሲወጣ የአልጋውን ልብስ ገፈፈችና ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መስታወት ፊት ቆመች። ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች። ለኢያኤል በቪዲዮ ደወለችላትና እናትና ልጅ እስኪያማቸው ሳቁ።

ደስታዋ እስከ ማክሰኞ ቆየ። ማክሰኞ ሮማን ከሥራ ስትመልሳት፣ አፓርትመንቱ በር ላይ መኪናዋን አቁማ ሞተሩን ሳታጠፋ ቀረች። ሮማን የልብ ጓደኛዋ ናት፤ የበዓሉ ኮሚቴ ውስጥም አለችበት።

«ዘሚ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው። ካባው የማን እንደነበረ ታውቂያለሽ?»

«የማን ነበር?»

«የጋሽ ለሜሳ። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ መጀመሪያ የመረጠው እሱን ነው። ኋላ አክሊል ስሙን አወጣው። ጌቱ ስፖንሰር ሆነ አለንና ያንቺን ስም አስገባ። ጌቱ የማንን ቦታ እንደወሰደ አያውቅም፣ እምላለሁ። ለሜሳም መመረጡን የነገረው የለም።»

ዘመናይ የመኪናውን በር ይዛ ቀረች። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ። ለሜሳ!

ለሜሳን የማያውቅ ካለ እዚህ አገር የገባው ትናንት ነው፤ ትናንት ከገባም ያውቀዋል። ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ሲገፋ የኖረ ሰው ነው። አዲስ የመጣ ሐበሻ ግራ ተጋብቶ ካየ ሥራውን ለጓደኛው ትቶ ሄዶ ይቀበላል። ጡረታ ከወጣም በኋላ «የሚቀበለው የሌለ ሰው አለ» ከተባለ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ለቅሶ ቢሆን፣ ሠርግ ቢሆን፣ ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ ፓርኪንግ ላይ ቆሞ መኪና የሚያስተናግደው እሱ ነው። ዘመናይና ጌቱ በጥር ብርድ ነጠላ ጫማ አድርገው ሲገቡም የተቀበላቸው እሱ ነበር። በሩ ተከፍቶ ያ ንፋስ ሲመታቸው፣ ዘመናይ አለቀስኩም አላለቀስኩም ሳትል እንባዋ ፊቷ ላይ ሲደርቅ፣ ለሜሳ የለበሰውን ጃኬት አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለው። እሱ በሸሚዝ ሆኖ ሻንጣቸውን ተሸከመ። በዚህ አገር ትከሻዋ ላይ ልብስ የጣለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ያን ቀን ማታውን እናቷ የነገረቻት የአያቷ ታሪክ መጣባት። የእናቷ አባት ቃልቤሳ ይባላሉ፤ የአርሲ ሰው ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ባላምባራስ ተብለዋል። በዚያ ዘመን ማዕረግ የሚሰጠው አገረ ገዢው ነው፤ ወደ አገረ ገዢው የሚያስገባው ግን አጋፋሪው ነው፤ ወደ አጋፋሪው የሚያስገባው ደግሞ እጅ መንሻ ነው። ማር ይዞ የመጣ ደጅ ሲጠና ይከርማል፤ በቅሎ ይዞ የመጣ እልፍኝ ይገባል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ያኔ ተረት ሳይሆን የመንግሥት ሥራ ነበር። አገሬው በአንድ ቃል ይሾምልን ያለው አንድ ጎረቤታቸውን ነው፤ በክፉ ዓመት ጎተራውን ከፍቶ ሰው ያበላ ሰው። ቃልቤሳ ግን በቅሏቸውን ጎተቱ፤ አልበቃ ሲል ወንዝ ዳር ያለችውን የግጦሽ መሬታቸውን ጨመሩ። ካባው እሳቸው ትከሻ ላይ አረፈ።

«አባቴ ካባውን ለብሶ ሲመጣ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ‹ኖር!› አለው» ትል ነበር የዘመናይ እናት፣ እሷም ከእናቷ ሰምታ። «ያ ጎረቤታችንም ብድግ አለ። እንደውም ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ‹ኖር› ያለው እሱ ነው። ‹ሹመት ያዳብር› ብሎ መረቀው። አባቴን የገደለው ያ ምርቃት ነው።»

በእርግጥ አልሞቱም፤ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሰው ደጅ አላለፉም። ገበያው ቅርብ ነበር። እሳቸው ግን ጋራውን ዞረው፣ ወንዝ ተሻግረው ነው የሚሄዱት፤ እስኪሞቱ ድረስ። ካባውን ሚስታቸው አንሥተው የሕፃን ማቀፊያ አደረጉት። የዘመናይ እናት በባላምባራስነት የታቀፈች ልጅ ናት።

ዘመናይን እንቅልፍ የነሣት ይኼ ነው። የለሜሳ ነገር ይዋል ይደር እንጂ ከጌቱ ጆሮ መግባቱ አይቀርም። ያን ቀን ይኼ ለፍላፊ፣ ይኼ ልበ ቀጭን ባሏ፣ ጃኬቱን አውልቆ ያለበሳቸውን ሰው ላለማየት መንገድ ሲቀይስ ሊኖር ነው። ቶሎ ብትነግረው ደግሞ ያ ሁሉ ዘመን የጠበቀው ደስታው በእጇ ሊሰበር ነው። ወዲህ ቢሉ ገደል፣ ወዲያ ቢሉ ገደል።

መጀመሪያ አክሊልን ለመነችው። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ያለው ቢሮው ድረስ ሄዳ «ስሜን አውጣና ለጋሽ ለሜሳ አልብሰው» አለችው።

«እትዬ ዘመናይ፣ ምን ነካሽ!» አለ አክሊል፣ ወንበር እየሳበላት። ትሕትናውስ አይወራም። «ጋሽ ለሜሳ እንዲህ ያለ ነገር አይፈልግም። እሱን ፓርኪንጉን ስጡት፣ ደስ ይለዋል። ለዓመት እናስብበታለን።»

«የሱን ክብር ለኔ ሸጥከው እኮ።»

«ሽያጭ አይደለም፤ ድጋፍ ነው። ደግሞስ እምቢ ካልሽ ገንዘቡን መመለስ አለብኝ። ለመመለስ ደግሞ ጋሽ ጌቱ ለምን እንደከፈለ ለጉባኤው ማስረዳት ይመጣል።» ፈገግ አለ። «ይኼን ይወደዋል ብለሽ ነው?»

ሆድ ይፍጀው ብላ ወጣች። በአውቶቡስ ላይ ለኢያኤል ደውላ ሁሉንም ነገረቻት። ኢያኤል በእንግሊዝኛ «ጀስት ሴይ ኖ፣ ማም» አለቻት።

«አንቺ ኖ ማለት በነፃ በሚታደልበት አገር ተወልደሽ ነው» አለቻት ዘመናይ። «አባትሽ ሱፍ ገዝቷል እኮ፣ ልጄ። ከረባት ሲያስር ሲፈታ ነው የሚያመሸው።»

ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን ደፍራ «ጌቱ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» ብላ ጀመረች። እሱ ከመስታወቱ ፊት ዞር ብሎ አያት። «ናይሮቢ ያኔ፣ ሰው ሁሉ ካባ የት አለ ብሎ ሲጠይቀኝ የገባሁበት ጠፍቶኝ ነበር» አለ። «አንቺ ሳቅሽ። ለኔ ብለሽ እንደሳቅሽ አልገባኝም መሰለሽ?» ዘመናይ ተነሥታ ከረባቱን አስተካከለችለት።

በበዓሉ ቀን በረዶ ጣለ። አዳራሹ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ነው። ፓርኪንጉ መሐል ለሜሳ ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ፣ በረዶው ቆቡ ላይ ተከምሮ፣ በሁለት እጁ መኪና ይጠራል። የጌቱን ቫን ሲያይ እየሮጠ መጣ፤ እሱ ሲሮጥ እንኳ የሚራመድ ነው የሚመስለው። የዘመናይን በር ከፈተላት።

«ዛሬማ ሙሽራችን አንቺ ነሽ! ሰማሁ። ሰምቼ እንዴት ደስ እንዳለኝ!» አለ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸና ቆቡን አውልቆ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ እየሳቀ «ኖር!» አላት።

«በእግዜር» አለች ዘመናይ። የእናቷ ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ጌቱ ግን የሚያውቀው ነገር የለም፤ «ፎቶው እንዳይበላሽ መድረኩ ላይ ቀስ ብለሽ ውጪ» እያለ ክንዷን ይዞ አስገባት።

ንግግሩ ረዘመ፣ ጸሎቱም ረዘመ። ኋላ አክሊል ስሟን ጠራ። «ለማኅበረሰባችን ላበረከተችው የማይተመን አስተዋጽኦ!» አለ። የማይተመን ይላል እኮ፣ ተምኖ የጨረሰው ራሱ ሆኖ! ካባውን ትከሻዋ ላይ አደረገላት። ከባድ ነው፣ ያምራል። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ የልቡን ነው ያጨበጨበው፣ ገንፎዋን የበላ ሁሉ ነበራ። ፊት ወንበር ላይ ጌቱ ስልኩን ገልብጦ ይዞ ፎቶ የሚያነሣ መስሎት ያለቅሳል። ይቺን ፊት ዘመናይ በሕይወቷ አትረሳትም። በቃ፣ ይቺን ያህል ደስታ አግኝቷል፤ ማንም አይወስድበትም። ከዚህ በላይ ከዘገየች ግን መርዝ ይሆናል።

«ባለቤቴ ይምጣልኝ» አለች በማይክሮፎኑ።

ጌቱ ጉልበቱን እየጎተተ ወጣ። ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጋ ጆሮው ላይ ተጠጋች።

«ጌትዬ፣ የሠርጌን ካባ ለበስኩ። ሁሉም አየኝ። ቃልህን ፈጽመሃል፣ ሰማኸኝ? አሁን የምነግርህን ሳትደነግጥ ስማ። ይኼ ካባ የጋሽ ለሜሳ ነበር። እሱን መርጠው፣ አንተ ስትከፍል ስሙን አወጡት።»

የጌቱ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ… አላወቅኩም፣ ዘሚ።»

«እንደማታውቅማ አውቃለሁ። ቀስ ብለን ይዘን እንውጣና እንስጠው። ማንም ምንም አያውቅም።»

ዘመናይ ያሰበችው እንዲህ ነበር፤ በጸጥታ፣ በክብር፣ የባሏ ገመና ሳይወጣ። ግን ጌቱ ምስጢር መያዝ አይችልም ብያችኋለሁ። ማይክሮፎኑን ከእጇ ወሰደ።

«ወገኖቼ» አለ። «ይኼን ካባ እኔ ነኝ የገዛሁት። በገንዘቤ። ሚስቴ ሳታውቅ ገዛሁላት። ሚስቴን እንድታከብሩልኝ ብዬ ነው። እሷን ደግሞ ድሮም ታከብሯታላችሁ፤ ጅሉ እኔ ነኝ። ካባው የለሜሳ ነው። ለሜሳ ደግሞ እኛን ሊያስገባ ውጭ ብርድ ላይ ቆሟል።»

ካባ ለብሰው የተደረደሩት ሌሎቹ ተሸላሚዎች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አክሊል «እሺ፣ ፕሮግራማችን ይቀጥላል» አለ፤ የሰማው የለም። ጌቱ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ፍቀጂልኝ፣ እመቤቴ» አላትና ካባውን በገዛ እጁ ከትከሻዋ አነሣው። ዘመናይ አፍሮ ይሆን ብላ ፊቱን አየች። ናይሮቢ ያገባችው ልጅ ነው ያያት።

ውጭ ለሜሳ አንዲት አርፍዳ የመጣች መኪና ወደ ኋላ ያስጠጋል። «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» ሲል ጌቱ ዘመናይን አስከትሎ ከኋላው ደረሰና ካባውን ከብርቱካናማው ሰደርያ ላይ አለበሰው። ለሜሳ ደንግጦ ዞረ። ሁለቱንም አየ፣ ከፋዩን ዳሰሰ።

«ውይ፣ ተባረኩ! ከውስጥ ሆናችሁ መብረዱን እንዴት አወቃችሁ?»

ጌቱ የለሜሳን እጅ ጨበጠ።

«ያንተ ነው፣ ጋሽ ለሜሳ» አለች ዘመናይ።

«የኔ? ኧረ እኔ እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ የለኝም» አለ ለሜሳ። «አጥቤ እመልስላችኋለሁ።»

ሰው ተራ በተራ ከአዳራሹ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆሟል። ሮማን እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ለሜሳ እልልታው ለማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞሮ ተመለከተ። ከኋላው ያለው በረዶና መኪና ብቻ ነው። እንግዲህ እኔ ይኼን ሳይ አልቅሻለሁ፤ ማንም ሰው ቢሆን ያለቅሳል።

ዘመናይ በሐበሻ ቀሚሷ ብቻ ነበረች፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ጌቱ ለበዓሉ የገዛውን የሱፍ ኮት አወለቀና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገው። በሸሚዝ ቀረ።

«ይቅር በይኝ፣ ካባሽን አስወለቅኩሽ» አላት።

«ለዚህኛውስ አክሊልን አስፈቅደሃል?» አለችው። እያለቀሰ ሳቀ።

ተያይዘው ቫኑ ውስጥ ገቡ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ እንደምንም ተነሣ። ፓርኪንጉ መውጫው ሁለት ነው፤ አንደኛው በጓሮ በኩል ማንም ሳያይ አውራ ጎዳናውን ያገናኛል፣ ሌላኛው ለሜሳ በቆመበት ያልፋል። ጌቱ መሪውን ይዞ ትንሽ ቆየ። ዘመናይ እጆቹን ታያለች። ወደ ለሜሳ ጠመዘዘው። አጠገቡ ሲደርስ አቆመና መስኮቱን አወረደ፤ ብርዱ ገባ።

«ጋሽ ለሜሳ፣ ነገ ቸርች ስንሄድ በደጅህ ነው የምናልፈው» አለ። «እንውሰድህ?»